850 ቶን የሚመዝን ቤት 17 ሜትር ወደ ኋላ፦ በጠመኔ ገደል አፋፍ ላይ የሆነ ጉዳይ

ሕንፃ ከገደል ሲሸሽ ማየት ብርቅ ነው። በደቡብ እንግሊዝ፣ ከኢስትቦርን ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በማርች 1999 ግን ይኸው ሆነ። 850 ቶን ገደማ የሚመዝን የግራናይት ማማ ከነመኖሪያ ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተገፋ። ቤል ቱት ይባላል፤ ቀድሞ ለመርከቦች አደጋን የሚጠቁም የመብራት ማማ ነበር። ሕንፃው ራሱ ምንም አልሆነም ነበር። የቆመበት መሬት ነው እያለቀ የሄደው።

ጉዳዩን ለመጻፍ የፈለግሁት በአንድ አጭር የባሕር ዳርቻ ላይ ሦስት ዓይነት ውሳኔ ስለሚታይ ነው። አንዱ ቦታውን ትቶ ሄደ። አንዱ ቤቱን ይዞ ሸሸ። ሌላው ባለበት ቆይቶ ቤቱን አጣ። ሦስቱም የተጋፈጡት ያንኑ ገደል ነው። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ቦታው

ቢቺ ሄድ ወደ እንግሊዝ ቻናል ገፍቶ የወጣ ከፍታ ነው። ከባሕሩ 162 ሜትር ቀጥ ብሎ ይነሣል። በብሪታንያ ካሉት የጠመኔ የባሕር ገደሎች የሚበልጠው የለም። ከእሱ በስተ ምዕራብ የቤል ቱት ኮረብታ አለ። ቀጥሎ በርሊንግ ጋፕ የሚባል ዝቅ ያለ ሸለቆ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉት ነጫጭ ገደሎች ይደረደራሉ።

ድንጋዩ ጠመኔ ነው። ዳይኖሰሮች ገና ምድር ላይ ሳሉ፣ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ በዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌዎች ቅርፊት በሞቃት ባሕር ወለል ላይ ተጠራቅሞ የተፈጠረ ነው። (ለሰሌዳ የምንገዛው ጠመኔ ብዙ ጊዜ ከጂፕሰም ነው የሚሠራው፤ ዋናው ይኼኛው ነው።) በነጩ ድንጋይ መሃል ጥቁር የባልጩት መስመሮች ተጋድመውበታል። ጠመኔው በጥፍር ሊፋቅ ይችላል። ባልጩቱ ግን ብረት ላይ ሲመታ እሳት ይተፋል። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሡበት ንጣት የመጣው ገደሉ በየጊዜው ስለሚናድ ነው። ባሕሩ ግርጌውን መንካት ያቆመበት የጠመኔ ገደል ቀስ በቀስ ተዳፋት ይሆንና ሣርና ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። የነጣ ገደል ሲያዩ ፊቱ ትኩስ ነው ማለት ነው፤ በቅርቡ ተንዷል፣ ነገም ይናዳል።

## ገደሉን የሚበላው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ "ባሕሩ" የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው።

ሞገድ ግርጌውን ሲመታ ውሃውና በውሃው የታመቀ አየር ወደ ስንጥቆች ይገባሉ። ሞገዱ ሲመለስ የታመቀው አየር በድንገት ይለቀቃል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል፤ ቁራጭ ድንጋይም ይነቀላል። ከወደቀው ድንጋይ ጠመኔው ቶሎ ሟሙቶና ተፈጭቶ ያልቃል። ለዚህ ነው ማዕበል ባለበት ቀን በዚያ አካባቢ ባሕሩ ወተት የሚመስለው። ባልጩቱ ግን አያልቅም። ተንከባሎ ጠጠር ይሆናል። ሞገዱም ያንን ጠጠር እያነሣ መልሶ ገደሉ ላይ ይወረውረዋል። ገደሉ ከራሱ ሆድ በወጣ ድንጋይ ይደበደባል ማለት ነው።

ጠጠሩ ግን ሁለት ፊት አለው። ጥቂት ሲሆን መደብደቢያ ነው። በርከት ብሎ ግርጌው ላይ ሲከመር ደግሞ የሞገዱን ጉልበት ይቀበልና ገደሉን ይጠብቃል። ስለዚህ የጠጠሩ መጠን መቀነስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሌላው ግማሽ ሥራ የሚሠራው ከላይና ከውስጥ ነው። ጠመኔ ባዶ ቦታ የበዛበት ድንጋይ ነው። ከመጠኑ ሲሦ ወይም ከዚያ በላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ይጠጣል። እርጥብ ጠመኔ ከደረቁ በጣም ይደክማል፤ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ሊወርድ ይችላል። ክብደቱም ይጨምራል። በስንጥቆቹ ውስጥ የቆመው ውሃ ደግሞ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ክረምት ላይ ውርጭ ሲመጣ ውሃው ወደ በረዶነት ተለውጦ ያብጣል፤ ሲቀልጥ ድንጋዩ ይፈረፈራል። ከባሕር የሚረጨው ጨው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ደርቆ ክሪስታል ሲሠራ ፊቱን ይልጠዋል። የዝናብ ውሃም በተፈጥሮው መጠነኛ አሲድነት ስላለው ጠመኔውን በስንጥቁ በኩል ቀስ እያለ ያሟሟዋል። የእኛን የሶፍ ዑመር ዋሻ የቦረቦረው ውሃም በኖራ ድንጋይ ላይ የሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ሲገናኙ ናዳ ይሆናል። ባሕሩ ከሥር ይፈለፍላል፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ድጋፉን ያጣል። ዝናቡና ውርጩ ከላይ ያላሉትን ስንጥቅ ይዞ ሙሉ ግድግዳው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የወደቀው ክምር ለተወሰነ ጊዜ ግርጌውን ይከልላል። ባሕሩ ክምሩን ጠራርጎ ሲጨርስ እንደገና ከሥር መፈልፈል ይጀምራል። ገደሉ ወደ ኋላ በሸሸ መጠን ከፊቱ ጠፍጣፋ የድንጋይ ወለል ትቶ ይሄዳል። የባሕሩ ውሃ ሲጎድል በእግር የሚኬድበት ወለል ነው።

ይህ ወለል ለሳይንቲስቶች እንደ መዝገብ ሆኖ አገልግሏል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የተጋለጠ ድንጋይ ሲመታ በውስጡ ቤሪሊየም 10 የሚባል ብርቅ አተም ይፈጠራል። ገደሉ ከላዩ ሳለ ወለሉ ከጨረሩ ተጋርዷል። ገደሉ ሲሸሽ ይጋለጣልና መጠራቀም ይጀምራል። ተመራማሪዎች በቢቺ ሄድና በአቅራቢያው ባለ ሌላ ቦታ ከወለሉ ላይ ባልጩት ሰብስበው ይህንን አተም ለኩ። በ2016 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ባለፉት ብዙ ሺህ ዓመታት ገደሉ በዓመት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነበር የሚሸሸው። ባለፉት 150 ዓመታት ግን ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ተመራማሪዎቹ ዋነኛ ምክንያት ያሉት የጠጠሩን መሳሳት ነው። በዚህ ዳርቻ ጠጠር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። በምዕራብ በኩል ባሉ ከተሞች የተሠሩ የወደብ ግድግዳዎችና የባሕር ዳርቻ ማገጃዎች ደግሞ መንገዱን ዘግተውበታል።

## ችግሩ ሁለት ጊዜ ነው የመጣው

የመጀመሪያው ችግር የመብራቱ ነበር። በገደሉ ሥር ብዙ መርከብ ይሰበር ስለነበር፣ አንድ ባለጸጋ የቀድሞ የፓርላማ አባል በ1828 በቤል ቱት ኮረብታ ላይ ጊዜያዊ መብራት እንዲቆም አደረገ። ቋሚው ማማ በ1832 ተጀምሮ በ1834 ሥራ ጀመረ።

ንድፉ ብልጠት ነበረው። ማማው ከአፋፉ ገባ ብሎ ተሠራ። ከሩቅ ያለ መርከበኛ መብራቱን ያያል። ወደ ገደሉ በጣም ከተጠጋ ግን የአፋፉ ጠርዝ መብራቱን ይጋርደዋል። መብራቱ ከጠፋበት "አለት ላይ ልትወጣ ነው፣ ዙር" ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አፋፉ ባለበት እስከቆየ ድረስ። አፋፉ ወደ ማማው በቀረበ ቁጥር የጥላው ስፋት በዚያው ልክ ይጠባል። ርቀቱ በግማሽ ከቀነሰ ጥላውም በግማሽ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር መርከበኛው አደጋው ውስጥ ገብቶም መብራቱን ያያል፤ ደህና ነኝ ብሎም ይቀጥላል። በዚህ ላይ የኮረብታው ጭጋግ አለ። ከባሕር በጣም ከፍ ብሎ የቆመ መብራት ብዙ ሌሊት ጉም ይውጠዋል።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ማማው መብራቱን ካጣ በኋላ ነው። መኖሪያ ቤት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካናዳ ወታደሮች በአካባቢው የመድፍ ልምምድ ሲያደርጉ ክፉኛ ተጎዳ፤ ኋላም ተጠገነ። በ1990ዎቹ የያዙት ባለቤቶች ያገኙት ግን መድፍ ያልጨረሰውን ሥራ የጀመረ ገደል ነበር። አፋፉ እየተጠጋ ሄዶ ከቤቱ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ቀሩት። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ አፍርሶ ሌላ መሥራት ቀላል አልነበረም። በጃንዋሪ 1999 ደግሞ ቢቺ ሄድ ላይ እጅግ ትልቅ ናዳ ወረደ። ክምሩ ወደ ባሕሩ ርቆ ተዘረጋ። ለማመንታት ጊዜ እንደሌለ ያልገባው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

ለመጀመሪያው ችግር የተሰጠው መልስ ቦታውን መተው ነው። የመብራት ማማዎቹን የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሃውስ አዲስ ማማ አሠራ፤ ከገደሉ ላይ ሳይሆን ከገደሉ ሥር፣ ከግርጌው 165 ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ። ግራናይቱ ከአፋፉ በተዘረጋ የገመድ መንገድ ወረደ። አዲሱ መብራት በ1902 በራ፤ የቤል ቱት ደግሞ ጠፋ። የወደድኩት ነገር አለ። አዲሱ ማማ የቆመው ገደሉ ሲሸሽ ትቶት በሄደው ጠፍጣፋ ወለል ላይ ነው። ገደሉ በሸሸ ቁጥር ከማማው ይርቃል እንጂ አይቀርበውም። 43 ሜትር ቁመት ያለው፣ ቀይና ነጭ ቀበቶ የታጠቀው ይህ ማማ ዛሬም ይሠራል።

ለሁለተኛው ችግር የተመረጠው ቤቱን ማንቀሳቀስ ነው። ግርጌውን በድንጋይ ማጠር የሚቻል አይመስለኝም። ገደሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከሥር ቢታጠርም ከላይ የሚጠጣውን ውሃ የሚከለክል የለም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሕንፃው ሥር መሬቱ ተቆፍሮ አዲስ የአርማታ መሠረት ተሠራለት። ሕንፃው በሃይድሮሊክ ክሪክ ከአሮጌው መሠረቱ ተላቀቀ። ከኋላው፣ ከገደሉ በተቃራኒ፣ አራት የአርማታ ቢሞች ተዘረጉ፤ ጀርባቸው ብረት ለበሰ። ብረቱ ያለማቋረጥ ግራሶ ይቀባል፤ ክሪኮቹም ሕንፃውን እየገፉ በላዩ ያንሸራትቱታል። ማርች 17 መንቀሳቀስ ጀመረ። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ማየት ለፈለገ ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲያበቃ ማማው ከነቤቱ 17 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ንድፉ ወደፊት እንደገና መግፋት እንዲቻል ተደርጎ ነው የተሠራው።

## ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም?

ሕንፃውን ማዳኑ ሠርቷል። ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሰዎች በቀድሞው የፋኖስ ክፍል ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ።

ገደሉን ግን ማንም አላቆመውም፤ ዓላማውም እሱ አልነበረም። የተገዛው ጊዜ ነው። ምን ያህል ጊዜ? በ22 እና በ32 ሳንቲ ሜትር ሲሰላ 17 ሜትር ከ53 እስከ 77 ዓመት ይመስላል። ይህን ሒሳብ አምኖ መተኛት ግን አደገኛ ነው። ገደሉ በየዓመቱ አንድ ስንዝር እየቆጠረ አይሄድም። ዓመታት ዝም ይላል፤ ከዚያ በአንድ ሌሊት ብዙ ሜትር ይወርዳል። ለምሳሌ በቢቺ ሄድ የሰይጣን ጭስ ማውጫ የሚባል ለብቻው የቆመ የጠመኔ ዓምድ ነበር። በአፕሪል 2001 ተናደ። ከዚያ በፊት የነበረው የ2000 መጸው በእንግሊዝና በዌልስ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1766 ወዲህ እጅግ ዝናባሙ ነበር። ዓምዱን የጣለው ያ ሁሉ ወራት የጠጣው ውሃ ነው።

## ጎረቤቶቹ

ከቤል ቱት በታች በበርሊንግ ጋፕ በ1878 ለባሕር ጠባቂዎች የተሠሩ ተርታ ቤቶች አሉ። እዚህ የገደሉ ቁመት አነስተኛ ነው፤ መሬቱ ግን የባሰ ልል ነው። በበረዶ ዘመን ውርጭ የፈጨው ጠመኔና አፈር ሸለቆውን ሞልቶታል። ስለዚህ በዓመት በአማካይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ነዋሪዎች ግርጌው በትላልቅ ድንጋይ እንዲታጠር ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ቦታው ለተፈጥሮና ለጂኦሎጂ ጥናት የተጠበቀ ነው። ሁለተኛ ገደሉ ሲናድ የሚወጣው ባልጩት በምሥራቅ ላሉ ዳርቻዎች ጠጠር ይሆናል፤ እዚህ ቢታጠር እዚያ ይሳሳል። በሒሳቡ እስማማለሁ። ቤቱ እየፈረሰበት ላለ ሰው ግን "ለሌላው ዳርቻ ሲባል" የሚለው መልስ ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያዳግትም።

ቤቶቹ አፋፉ በደረሰባቸው ቁጥር ከጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈረሱ። በ2013 እና 2014 መካከል የነበረው ክረምት በተለይ ከባድ ነበር። የቦታው ባለቤት ናሽናል ትረስት በሁለት ወር ውስጥ የሰባት ዓመት ያህል መሬት መሄዱን ተናገረ። በዚያው ዓመት አንድ ተጨማሪ ቤት በሰው እጅ እንዲፈርስ ተደረገ።

እነዚህ ቤቶች እንደ ቤል ቱት ለምን አልተገፉም? ቤል ቱት ለብቻው የቆመ፣ በጠንካራ ግራናይት የተያያዘ፣ ከኋላው ሰፊ ባዶ መሬት ያለው ሕንፃ ነው። ተርታ ቤት ግን ግድግዳው የጋራ ነው፤ ባለቤቱም ብዙ ነው። የቅርስነቱ ክብደትም አንድ አይደለም።

## ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው

በኢትዮጵያ የጠመኔ ገደልም የባሕር ዳርቻም የለንም። ቦረቦር ግን አለን፤ የቦረቦር ግድግዳ ደግሞ የሚናደው በዚሁ መንገድ ነው። ጎርፍ ከሥር ይፈለፍላል፤ ዝናብ ከላይ ያላላል፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ ስንጥቅ ይታያል፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ይወርዳል። ስለዚህ ግርጌውን በድንጋይ ብቻ ማሰር ግማሽ ሥራ ነው። ከላይ የሚመጣውን ውሃ በመቀልበሻ ቦይ ማዞር ሌላው ግማሽ ነው። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ካለ እኔ ከላይኛው ብጀምር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ምርጫ ነው። ቤል ቱት የተገፋው ዙሪያውን መቆፈርና ማሽን ማቆም የሚቻልበት መሬት ገና ሳለ ነው። አንድ ናዳ ቢጨመር ኖሮ ሠራተኞቹ በባሕሩ በኩል የሚቆሙበት አይኖርም ነበር። በገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት የሚፈርስበት ቀንና ማዳን የማይቻልበት ቀን አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ቀድሞ ይመጣል፤ ሊታወቅ የሚገባውም እሱ ነው።

አማካይ ቁጥርን በተመለከተ፣ "በዓመት ይህን ያህል" የሚለውን የሚያወራ ሰው ካለ "በአንድ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የወረደው ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ከአፋፉ የሚለቀቀው ርቀት መለካት ያለበት በዚህ በሁለተኛው ነው።

አራተኛው ለሰው ሕይወት ነው። ናዳ ከወረደ በኋላ ገደሉ አርፏል ማለት አይደለም። ከኋላ የቀረው ፊት ድጋፉን አጥቶ ገና ቦታውን ይፈልጋል። በጎፋ በሐምሌ 2024 ሁለተኛው ናዳ የመጀመሪያውን ሰለባዎች ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ቀበረ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ድንጋዩም ቁልቁለቱም ከእንግሊዙ የተለየ ነው፤ ውሃ የጠጣ መሬት መሆኑ ግን አንድ ነው። በቢቺ ሄድና በሰባቱ እህትማማቾች ጎብኚ ከአፋፉ ቢያንስ 5 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ለምለም ስለሆነ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ አይታይም። ከታች በጠጠሩ ላይ ለሚሄድ ሰውም ከግርጌው መራቅ እንጂ ጥላው ሥር ማረፍ አይመከርም፤ በተለይ ከብዙ ዝናብ ወይም ከውርጭ በኋላ።